የመጨረሻዋ አሥር ሜትር

እኔ ደህና ነኝ፤ ጣቶቼ ግን ደህና አይደሉም። ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎችን በየቀለማቸው ደርድሮ ጥፍር የምታህል ፕላስቲክ ውስጥ መክተት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። (ያልሞከረ ደግሞ ይህን አንብቦ ሲጨርስ ይሞክራል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት እህት ቃለ መጠይቅ ልትሰጠኝ ተስማማች። ስሟም፣ ያለችበት አገርም ይቅር። ለቤት ሠራተኝነት ባሕር ተሻግራ የሄደች፣ ብዙ ያየች፣ ያየችውን ለመናገር ግን የምትፈራ ሴት ናት። ሁለት ወር ሙሉ ለመንኳት። በመጨረሻ "አርብ ማታ አሠሪዎቼ ሲወጡ እናውራ" አለችኝ። አርብ ማታ መኝታ ቤቴን ዘግቼ፣ ታናሽ ወንድሜን "ድምፅህን እንዳልሰማ" ብዬ አስጠንቅቄ፣ ላፕቶፔን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ደወለች። አሥራ አንድ ደቂቃ አወራን። ልክ ዋናው ነገር ላይ ስትደርስ ድምጿ ይቆራረጥ ጀመር፤ እንደ ሮቦት ሆነ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። መልሼ ደወልኩ፤ አላነሳችም። ደጋግሜ ደወልኩ፤ አላነሳችም። በማግስቱ አንድ አጭር መልእክት ላከችልኝ፦ "እህቴ፣ ሰው ጣልቃ የገባብን መሰለኝ። ፈራሁ። ይቅርብኝ።" ከዚያ ወዲህ ስልኳ አይሠራም።

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? ማንኛውም የአዲስ አበባ ነዋሪ የሚያደርገውን! የኢንተርኔት አቅራቢያችንን ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩ። ረገም ረገም አድርጌም አልበቃኝም፤ ረዘም ያለ ጽሑፍ ጽፌ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት። ላይኩ ዘነበ። "እኛም!" "የኛስ ይብሳል!" "አይ አገሬ!" የሚል አስተያየት ተግተለተለ። ለአንድ ቀን ያህል የሕዝብ ልሳን የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ነበረበት። ተሳስቼ ነበር።

የምኖረው የካ አባዶ ነው። ለማታውቁት፦ ከመገናኛ "አባዶ! አባዶ!" እያለ የሚጠራውን ታክሲ ይዛችሁ ወደ ከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ ትመጣላችሁ፤ ተመሳሳይ ሕንፃዎች ተደርድረው ስታዩ ደርሳችኋል። (የእኛ ብሎክ የቱ እንደሆነ ለማወቅ እኔም አንዳንዴ ቁጥሩን አነባለሁ።) በብሎካችን ሁለተኛ ፎቅ አንድ ጡረተኛ ጋሼ ይኖራሉ። ዕድሜያቸውን የጨረሱት ምሰሶ ላይ ሲወጡና ገመድ ሲዘረጉ ነው። የልጥፌን ዝና ከልጆቻቸው ሰምተው ኖሮ ደረጃ ላይ አስቆሙኝ።

"ልጄ፣ ለካሽው?"

"ምኑን ጋሼ?"

"ኢንተርኔቱን ነዋ። ከየት እስከ የት ደህና እንደሆነ፣ ከየት ጀምሮ እንደሚበላሽ ለካሽ ወይ?"

ዝም አልኩ። አራት ዓመት ጋዜጠኝነት የተማርኩት እኔ! ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ "ሳታጣሪ አትጻፊ፤ ሌላኛውን ወገን ጠይቂ" ሲባል የኖርኩት እኔ! አንድን ድርጅት በአደባባይ ስከስስ አንድም ነገር አላጣራሁም። ሌላኛው ወገን የእኔው ግድግዳ እንደነበረ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ለማንኛውም፣ ለካን። አለካኩም እንዲህ ነው፤ እናንተም ዛሬ ማታ ልትሞክሩት ትችላላችሁ። መጀመሪያ ላፕቶፑን ሳሎን ወስደን ከራውተሩ ጀርባ ባለው ቀዳዳ በአጭር የኔትወርክ ገመድ አገናኘነው። የምንከፍለው ለ10 ሜጋ ቢት ነው። በገመድ ስንለካው 9 ተኩል ገደማ መጣ። ጠዋት ለካን፣ ማታ ለካን፣ ሁሉም ሰው ፊልም በሚያይበት ሰዓት ለካን፤ ብዙም አልተለዋወጠም። ከዚያ ወደ መኝታ ቤቴ ገብተን በዋይፋይ ለካን። አንዴ 2፣ አንዴ 1፣ አንዴ ምንም።

(እግረ መንገዴን፦ 10 ሜጋ ቢት ማለት በሴኮንድ 10 ሜጋ ባይት ፋይል ይወርዳል ማለት አይደለም። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 አካፍሉት፤ 1.25 ሜጋ ባይት ነው። በዚህ ብቻ "ተጭበረበርን" የሚሉ ስንት ጓደኞች አሉኝ መሰላችሁ!)

የመጨረሻው ማስረጃ ግን ሌላ ነበር። ጋሼ ላፕቶፑ ላይ ያለችውን "ፒንግ" የምትባል ትእዛዝ አስከፈቱኝና የራሳችንን ራውተር አድራሻ፣ 192.168.1.1ን፣ ከመኝታ ቤቴ ሆኜ እንድጠራ አደረጉኝ። ፒንግ ማለት "አለህ?" ብሎ ጠርቶ "አለሁ" የሚለው መልስ በስንት ጊዜ እንደሚመለስ መቁጠር ነው። ይህ ጥሪ ከቤታችን አይወጣም። ወደ ጅቡቲም አይሄድም፣ ወደ አሜሪካም አይሄድም፤ ከመኝታ ቤት ሳሎን ደርሶ መመለስ ብቻ ነው። ከአሥር ጥሪ ሦስቱ ጠፉ! ከአልጋዬ እስከ ሳሎን ባለው መንገድ ላይ!

የዚያች እህት ድምፅ ባሕርና በረሃ አቋርጦ፣ በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ የካ አባዶ ድረስ በሰላም ገብቶ ነበር። የጠፋው እኔ ቤት ውስጥ ነው። የመጨረሻዋ አሥር ሜትር ላይ።

ለምን እንደጠፋ ማወቅ ከባድ አይደለም። ቤቶቻችን የኮንክሪት ምሰሶና የብሎኬት ግድግዳ ናቸው፤ በውስጣቸው ብረት አለ። የራዲዮ ሞገድ ብረትና ኮንክሪት አይወድም። ከአሮጌው የ2.4 ጊጋ ኸርዝ ዋይፋይ ይልቅ ፈጣን የሆነው የ5 ጊጋ ኸርዝ ደግሞ ግድግዳ ሲገጥመው ይብሱን ይደክማል። በዚህ ላይ ጎረቤት አለ። ስልኬን ከፍቼ ብቆጥር ከመኝታ ቤቴ ሃያ ሦስት ዋይፋይ ይታየኛል። በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ እርስ በርስ ሳይረባበሹ መሥራት የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ሃያ ሦስት ራውተር በሦስት መንገድ! በአንድ ቻናል ላይ ደግሞ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ ተራውን መጠበቅ አለበት፤ ሁለት ከተናገሩ ሁለቱም አይሰሙም፤ እንደገና ይደግማሉ። የብሎክ ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሥርዓት ለመረዳት የኮምፒዩተር ዲግሪ አያስፈልገውም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ገመድ።

እዚህ ላይ ፊታችሁ ሲኮሳተር ይታየኛል። "ገመድ? በዚህ ዘመን?" የወንድሜም ጥያቄ ይኸው ነበር። "ገመድ አልባ" የሚለው ቃል "ዘመናዊ" የሚለውን ቃል ከተካ ቆይቷል። ገመድ ያለው ነገር ሁሉ የአባቶቻችን ዕቃ ይመስለናል። እውነቱ ግን እዚህ አገር ኢንተርኔት የምንለው ነገር ከሞላ ጎደል ገመድ ነው። ከውጭ ዓለም የሚመጣው በባሕር ሥር በተዘረጋ ገመድ እስከ ጎረቤት አገር የባሕር ጠረፍ ደርሶ፣ ከዚያ በፋይበር ተራራ እየወጣ ነው። የሞባይሉን አንቴና እንኳ ፋይበር የሚመግበው ጊዜ አለ። ይህን ሁሉ አገር በገመድ ያቋረጠውን ነገር ሳሎናችን ሲደርስ አየር ላይ በትነን "ግድግዳውን ራስህ እለፍ" እንለዋለን።

ታሪካችንም ቢሆን የገመድ ታሪክ ነው። ከእኛ ሰፈር በስተምዕራብ ባለው እንጦጦ ላይ ቤተ መንግሥት የነበራቸው አፄ ምኒልክ የሐረር አዲስ አበባን የስልክ መስመር ማዘርጋት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ 477 ኪሎ ሜትር። እኔ አሥር ሜትር አቅቶኝ ፌስቡክ ላይ አለቅሳለሁ! ኮምፒዩተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ኢተርኔት እ.ኤ.አ. በ1973 ዜሮክስ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሮበርት ሜትካፍ ሲታሰብ ወላጆቻችን ልጆች ነበሩ። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው፤ የመጀመሪያው የዋይፋይ ደረጃ የወጣውም በዚያው ዓመት ነው። ገመዱ ከሁለቱም በላይ ዕድሜ አለው፤ እስከ ዛሬም አልተረታም።

እናላችሁ፣ ገመድ ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ መጀመሪያ ያለኝ ነገር "ለወንድምሽ ነው?" ነው። "ለራሴ ነው" ስለው "ማን ይሠራልሻል?" አለኝ። ጎበዝ፣ ይህን ነገር መቼ ነው የምንተወው? ለማንኛውም ጋሼ አስቀድመው መክረውኝ ስለነበር የገመዱን ጫፍ ቆርጬ ሽቦውን በቢላ ፋቅ አደረግሁት። ውስጡ ነጣ። አሉሚኒየም መዳብ ተቀብቶ ነበር! እንዲህ ዓይነቱ ገመድ ርካሽ ነው፤ ግን ይሰበራል፣ ርቀት ሲረዝምም ይደክማል። "ሙሉ መዳብ የሆነውን አምጣልኝ" ስለው ሰውዬው ሁለተኛ ስለ ወንድሜ አልጠየቀኝም። ካት ፋይቭ ኢ የሚባለው ለቤት ይበቃል፤ እስከ 100 ሜትር ድረስ አንድ ጊጋ ቢት ይሸከማል። ዋጋውን አልጽፍም፤ እናንተ ይህን እስክታነቡ ይለወጣል። ለማነጻጸር ያህል ግን፣ አሥራ አምስት ሜትር ገመድ፣ ስድስት ጫፍና አንድ ያገለገለ ራውተር ተደምረው ሳሎናችን ላይ ከተሰቀለው የጌጥ መብራት ዋጋ ግማሽ አልሞሉም።

ሥራው ይኸውላችሁ። መጀመሪያ መንገዱን በሜትር ለኩ፤ በየጥጉ ለመታጠፊያ ሁለት ሜትር ጨምሩ። ገመዱን ግድግዳና ወለል በሚገናኙበት ጥግ በክሊፕ እየያዛችሁ ውሰዱ። ከመብራት ገመድ ጋር ጎን ለጎን አታስተኙት፤ ቢያንስ አንድ ስንዝር አራርቁት፤ መገናኘት ካለባቸው በመስቀለኛ ይለፉ። ከዚያ የጣቴ ጠላት የሆነው ሥራ ይመጣል። ስምንቱን ሽቦዎች እንዲህ ደርድሩ፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። በመቆንጠጫው ጨፍልቁት። እኔ አራት ጫፍ አበላሽቼ በአምስተኛው ተሳካልኝ። ፍጥነቱ አንድ ጊጋ መሆን ሲገባው 100 ሜጋ ብቻ ካሳያችሁ ከስምንቱ አንዱ ሽቦ አልነካም ማለት ሊሆን ይችላል፤ 100 ሜጋ በአራት ሽቦ ይሠራል፣ አንድ ጊጋ ግን ስምንቱንም ይፈልጋል።

የገመዱን አንድ ጫፍ ሳሎን ባለው ራውተር "ላን" በተባለው ቀዳዳ፣ ሌላኛውን መኝታ ቤት ባለው ሁለተኛ ራውተር ላይ ሰካን። ሥራው አለቀ ብዬ ቡና ላፈላ ስነሳ ቤቱ ውስጥ ያለው ኢንተርኔት ሁሉ ጠፋ። ወንድሜ ጮኸ። እማዬ "ይኸው! ደህናውን አበላሸሽው!" አለች።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ራውተር አንዱ ሥራው ቤት ውስጥ ላለ ለእያንዳንዱ ስልክና ላፕቶፕ ቁጥር ማደል ነው፤ "አንተ 5፣ አንቺ 6" እያለ። ይህ ዲኤችሲፒ ይባላል። እኛ ሁለት ራውተር ስናገናኝ ሁለቱም ቁጥር አዳይ ሆኑ፤ ይባስ ብሎ ሁለቱም ስማቸው 192.168.1.1 ነበር። አንድ የታክሲ ፌርማታ ላይ ሁለት ተራ አስከባሪ ሲቆም ምን እንደሚፈጠር ከእኔ ይልቅ መገናኛ የተሰለፈ ያውቃል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለተኛውን ራውተር ለብቻው ከላፕቶፕ ጋር አገናኝታችሁ አድራሻውን 192.168.1.2 አድርጉት፣ ዲኤችሲፒውን አጥፉት፣ ገመዱን "ዋን" ከተባለው ቀዳዳ ሳይሆን ከ"ላን" ላይ ስኩት። ከዚያ በኋላ ቁጥር የሚያድለው አንዱ ብቻ ይሆናል፤ ሁለተኛው ጸጥ ብሎ ያስተላልፋል። እግረ መንገዳችሁን ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ቀይሩ። ራውተራችሁ አሁንም "አድሚን፣ አድሚን" ከሆነ ቤታችሁን ቆልፋችሁ ቁልፉን በሩ ላይ ትታችኋል።

አሁን ላፕቶፔ ጠረጴዛዬ ላይ በገመድ ተሰክቷል፤ 9 ተኩል ይመጣል። ስልኬም ከአጠገቤ ካለው ራውተር ዋይፋይ ያገኛል። ፒንጉን መቶ ጊዜ ጠራሁት፤ መቶ ጊዜ መለሰ።

ይህን ሁሉ ያወራኋችሁ የገመድ ሥራ ላስተምራችሁ ብቻ ብዬ አይደለም። (እሱም ቢሆን አይጎዳም።) ሁለት የማልስማማባቸው ነገሮች ስላሉ ነው።

አንደኛው የቤት አሠራራችን ነው። የኮንዶሚኒየም ግንባታ እ.ኤ.አ. በ2004 ገርጂ ላይ በሙከራ ሲጀመር ኢንተርኔት ገና የጥቂቶች ነገር ነበር፤ ያኔ ባይታሰብበት አይፈረድም። ዛሬስ? ቤቱ ያልተጠናቀቀ ሆኖ ይሰጠናል፤ ፊኒሽንጉን እኛ እንሠራለን። ሴራሚክ እናስነጥፋለን፣ ጂፕሰም እናሠራለን፣ ጓዳውን እናፈርሳለን፣ ግድግዳውን እንሰረስራለን። ግድግዳው ተሰርስሮ ክፍት በሆነበት በዚያ ሳምንት አንዲት ባዶ የፕላስቲክ ቧንቧ ከሳሎን ወደ መኝታ ቤት መቅበር ምን ያስከፍላል? እኛ ቤት ሲሠራ ማንም አላሰበውም፤ እኔም ጭምር። እማዬ ለመጋረጃው ቀለም ሦስት ሳምንት አሰበች። ለኔትወርኩ አንድ ደቂቃ ያሰበ የለም። ከዚያ ወለሉ ተነጥፎ፣ ቀለሙ ደርቆ ካለቀ በኋላ እኔ በድሪል ስመጣ ጠላት ሆንኩ።

ወጣ ብላችሁ ደግሞ ደረጃውን እዩት። እያንዳንዱ ቤት ኢንተርኔት ባስገባ ቁጥር አዲስ ገመድ፣ አዲስ ቀዳዳ፣ አዲስ ቋጠሮ። የእኛ ብሎክ ደረጃ የሸረሪት ድር መስሏል፤ የትኛው ገመድ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፤ አንዱ ሲቆረጥ ሦስት ቤት ይጮሃል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም አዋጅ ቁጥር 370 ቤቶቻችንን የግልና የጋራ ብሎ ሲከፍል የጋራውን እንዲያስተዳድር የባለቤቶች ማኅበር ያለው በከንቱ አይደለም። ደረጃው የጋራ ነው። ማኅበሩ ለጥበቃና ለጽዳት ያዋጣናል፤ ለአንድ ከታች እስከ ላይ ለሚሄድ ሰፊ ቧንቧና በየፎቁ ለአንዲት ሳጥን ማዋጣት ምን ይከብዳል? ሐሳቡን በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ። (ሁሉም በአንድ ቻናል ካልተናገረ በስተቀር!)

ሁለተኛው ነገር አማራሪነታችን ነው። "ይህች ልጅ አቅራቢዎቹን ነፃ ልታወጣ ነው እንዴ?" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። የለም! በቤቴ ገመድ የማይፈታ ስንት ነገር አለ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ሲዘጋ ለሦስት ሳምንት ገደማ ያየነውን ጨለማ ማን ይረሳዋል? ትግራይ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ከዓለም ተቆርጣ ስትከርም፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲጠፋ፣ ሰው ሳሎኑ ውስጥ ወርቅ ቢዘረጋ ምን ይፈይድለታል? እነዚህ የቴክኒክ ብልሽቶች አልነበሩም፤ ውሳኔዎች ነበሩ፤ በውሳኔነታቸውም ሊጠየቅባቸው ይገባል።

የእኔ ነጥብ ግን እዚህ ጋ ነው። የራሳችንን አሥር ሜትር ካላጸዳን፣ የሌላውን ጥፋት ከእኛ ጥፋት መለየት አንችልም። ሁሉንም ነገር "ኔትወርክ የለም" በምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ስንጠቀልለው በእውነት የበደለንም ሰው በዚያች ጥቅል ውስጥ ተደብቆ ያመልጣል። ውሳኔ የወሰነውም፣ ያላጠገነውም፣ የእኔም ግድግዳ አንድ ላይ።

ልምዴን ልንገራችሁ። ገመዱን ከዘረጋሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ፍጥነቱ በእውነት ወረደ። በገመድም እየለካሁት፣ ሳሎንም መኝታ ቤትም፣ 3 ብቻ ሆነ። አሁን ፌስቡክ አልሄድኩም። ለአምስት ቀን ጠዋትና ማታ ሰዓቱንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፍኩ። ከዚያ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ እንደልማዱ "ራውተሩን አጥፍተሽ አብሪው" አለችኝ። "አጥፍቼ አብርቻለሁ፤ በገመድ ነው የለካሁት፤ የቤት ውስጥ መስመሬ ንጹሕ ነው፤ ሰዓቱን ላንብብልሽ?" አልኳት። ጸጥ አለች። ከዚያ መዘገበችኝ። ባለሙያ መጣ፤ ታች ያለችው የስልክ ሳጥን ውስጥ ዝናብ ያበላሸው መጋጠሚያ ነበር። በሃያ ደቂቃ ተስተካከለ። በነጋታው ጎረቤቶቼም "የኛም ተሻለ" አሉ። መቶ ላይክ ያላመጣውን አንድ ደብተር አመጣው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ብዙዎቻችን ኔትወርክና ኢንተርኔት አንድ ይመስሉናል። አይደሉም። ኔትወርክ ቤትህ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች እርስ በርስ ያገናኛል፤ ኢንተርኔት ደግሞ ቤትህን ከዓለም። በዚያ በ2012ቱ ክረምት ዩኒቨርሲቲው በኮሮና ተዘግቶ እኔም ቤት ቁጭ ብዬ ነበር። ኢንተርኔት ሲጠፋ ሁላችንም የሞተ ዕቃ ይዘን ስንቀር፣ ከላያችን ያሉ ሁለት ወንድማማቾች ግን ሁለት ላፕቶፕ በገመድ አገናኝተው ጨዋታ ይጫወቱ፣ የነበራቸውን መጽሐፍና ፊልም ይለዋወጡ ነበር። ያኔ ቀናሁባቸው እንጂ አልገባኝም። የእነሱ ኔትወርክ የእነሱ ስለነበር ማንም ሊያጠፋባቸው አልቻለም። አሁን የእኛም ቤት እንዲሁ ነው፤ የወንድሜ ፎቶ፣ የእኔ ቅጂ፣ የእማዬ የመዝሙር ክምችት ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ይሄዳል።

ጋሼ ገመዱን ሊያዩ መጡ። ጠጋ ብለው ክሊፖቹን አንድ በአንድ ነካኩ፤ አንዷን ጠማማ አገኙና በመዶሻ መታ መታ አደረጓት። "ደህና ነው" አሉ። እማዬ ቡና አቀረበች፤ የተበሳውን ግድግዳም ይቅር ያለችኝ ይመስላል።

የዚያችን እህት ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አላጠፋሁትም። በየጥቂት ቀኑ እሞክራለሁ፤ "ሊገኙ አይችሉም" ይለኛል። ማንም ጣልቃ አልገባባትም ነበር። ድምጿን የቆራረጠው ሰላይ ሳይሆን የእኔ ብሎኬት ነበር፤ ይህን ልነግራት ብችል ምናልባት ፍርሃቷ በትንሹ ይቀላት ነበር። ድንገት ይህን የምታነቢ ከሆነ እህቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መስመሩ አሁን ተስተካክሏል። ሲመችሽ፣ በፈለግሽው ሰዓት።

እናንተ ደግሞ ዛሬ ማታ ከማማረራችሁ በፊት ለኩ። ቸር እንሰንብት!